የድሮን ካሜራ ገበያ፦ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥርና መነጽሩ ውስጥ የሚታየው ምስል

ከሼንዘን ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ ሁዋቺያንግቤይን ያውቃታል። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በየፎቁ ተደርድሮ በጅምላም በችርቻሮም የሚሸጥባት ሰፈር ናት። እዚያ ከሚሸጡት ጥቃቅን ዕቃዎች መካከል ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ፣ ፊቱ ላይ ሌንስ፣ ጀርባው ላይ ቀጫጭን ሽቦዎች ያሉት ካሜራ አለ። አንዱ ካርቶን ላይ 600፣ ሌላው ላይ 1200፣ ሦስተኛው ላይ 4ኬ ተብሎ ተጽፏል። ለዕቃው እንግዳ የሆነ ሰው ትልቁን ቁጥር ያነሳል። ይሁንና ከሦስቱ የትኛው ቶሎ እንደሚሸጥና የትኛው መጋዘን ውስጥ እንደሚከርም የሚወስነው ያ ቁጥር አይደለም።

ለመሆኑ ካሜራው ምን ይሠራል? በሬድዮ መቆጣጠሪያ ለሚበሩ ትናንሽ አውሮፕላኖችና ድሮኖች እንደ ዓይን የሚያገለግል ነው። አብራሪው መሬት ላይ ቆሞ ወይም ወንበር ላይ ተቀምጦ ዓይኑን በመነጽር ይሸፍናል፤ መነጽሩ ውስጥ የሚያየው ድሮኑ ላይ ያለው ካሜራ የሚያየውን ነው። ይህ ዓይነቱ በረራ በእንግሊዝኛው ምህጻረ ቃል ኤፍ ፒ ቪ ይባላል። እዚህ ላይ ነጋዴው ከመጀመሪያው ሊለየው የሚገባ ነገር አለ። ለሠርግና ለማስታወቂያ ቆንጆ ፊልም የሚቀርጸው ካሜራ ሌላ ነው፤ አብራሪው መንገዱን የሚያይበት ሌላ ነው። ብዙ ድሮኖች ሁለቱንም ለየብቻ ይሸከማሉ። ደንበኛ "የድሮን ካሜራ አለህ ወይ?" ብሎ ሲጠይቅ የትኛውን እንደፈለገ ሳይጠይቁ ዋጋ መናገር ጭቅጭቅ ማትረፍ ነው።

ዕቃው የልጆች መጫወቻ የሚመስለው ካለ በመጋቢት 2016 (እ.ኤ.አ.) ዱባይ ላይ የተካሄደውን የድሮን ውድድር ያስታውስ። ጠቅላላ ሽልማቱ 1 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ለአንደኛ የወጣው ቡድን ዋና አብራሪ የ15 ዓመት እንግሊዛዊ ታዳጊ ሲሆን ቡድኑ 250 ሺህ ዶላር ወስዷል። ከ2022 ወዲህ ደግሞ በዩክሬን ጦርነት ሁለቱም ወገኖች እነዚህን ድሮኖች በብዛት በመጠቀማቸው ዕቃው ከመዝናኛ ሱቅ ወጥቶ የመንግሥታት ጉዳይ ሆኗል። የዚህን መዘዝ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

የሰከንድ ሽራፊ ዋጋ

አብራሪው ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው መዘግየቱን ነው። ካሜራው ካየበት ቅጽበት አንስቶ ምስሉ መነጽሩ ላይ እስኪደርስ የሚያልፈው ጊዜ ማለት ነው፤ የሚለካውም በሺኛ ሰከንድ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚበር ድሮን በሰከንድ ወደ 28 ሜትር ይጓዛል። ምስሉ በ100 ሺኛ ሰከንድ ከዘገየ አብራሪው ግንቡን ሲያይ ድሮኑ ካየው ቦታ 2 ሜትር ከ80 አልፎ ሄዷል። በ30 ሺኛ ሰከንድ ከሆነ ልዩነቱ ከአንድ ሜትር በታች ይወርዳል። በመጀመሪያው መዘግየት በዛፍ መካከል መብረር ዛፍ መግጨት ነው፤ በሁለተኛው ይቻላል።

ለዚህ ነው የ4ኬ ካሜራ በመሸጫነቱ ብቻ የማይታመነው። ከፍተኛ ጥራት ያለው ምስል ተጨምቆ፣ ተልኮ፣ ተፈትቶ እስኪታይ ጊዜ ይፈጃል። የቆየው የአናሎግ ካሜራ ምስሉ ደብዛዛ ቢሆንም ምንም ሳይጨምቅ እንደወረደ ስለሚልክ ፈጣን ነው። ለዓመታት ተወዳዳሪ አብራሪዎች ከአናሎግ አንለይም ያሉት ድሮ ናፋቂ ሆነው አይደለም። ዲጄአይ በ2019 ዲጂታሉን መነጽርና አስተላላፊ ሲያወጣ 28 ሺኛ ሰከንድ ብሎ ነበር የጻፈው፤ በጥር 2025 ያወጣው ኦ4 ፕሮ የተባለው ደግሞ ከተስማሚው መነጽር ጋር ሲሠራ እስከ 15 ይወርዳል ይላል። እነዚህ አምራቹ በተመቻቸ ሁኔታ የለካቸው ናቸው። ሲግናል ሲደክምና ድሮኑ ሲርቅ የዲጂታል መዘግየት ይጨምራል፤ አንዳንዴም ምስሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አናሎግ በዚህ ጊዜ ነጭ ነጥብ እየበዛበት ቀስ በቀስ ይበላሻል እንጂ ድንገት አይቆምም፤ አብራሪውም ተበላሸ ሳይባል ይመለሳል።

1200 የሚባለው ነገር

በአናሎግ ካሜራ ካርቶን ላይ ያለው 600፣ 1000 ወይም 1200 የቴሌቪዥን መስመር ቁጥር ነው። በቪዲዮ ካሴት ዘመን የነገደ ሰው ፓልና ኤንቲኤስሲ የሚባሉትን አይረሳም። ካሜራው ውስጡ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ምስሉ የሚያልፈው በእነዚሁ አሮጌ መንገዶች ነው፤ በፓል የሚታየው 576 መስመር፣ በኤንቲኤስሲ 480 መስመር ነው። የጎን ዝርዝሩም ቢሆን አስተላላፊውና መነጽሩ በሚያሳልፉት ልክ ይወሰናል። በሰፊ ቧንቧ የመጣ ውኃ በጠባብ ቧንቧ ሲያልፍ ማለት ነው። በእኔ ግምት ከ700 በላይ ያለው ቁጥር መነጽር ውስጥ ለአብዛኛው ሰው ልዩነት የለውም። 1200 የተጻፈበት ካሜራ ከ1000ው ሁለትና ሦስት ዶላር ከተወደደ ያ ጭማሪ የካርቶን ዋጋ ነው።

ሆኖም ቁጥሩን ጨርሶ መናቅም አይገባም፤ ደንበኛ ያያታልና። አዋቂ ቸርቻሪ ቁጥሩን ሳያጣጥል ወደ ሌላው ነገር ይወስደዋል። ያ ሌላው ነገር ብርሃን ነው።

ከጥላ ወደ ፀሐይ

ድሮኑ ከዛፍ ጥላ ሥር ወጥቶ ፊት ለፊት ፀሐይ ሲመጣ መጥፎ ካሜራ ለአፍታ ታውሮ ሰማዩን ነጭ፣ መሬቱን ጥቁር ያደርገዋል። በዚያች አፍታ የበረራ አደጋ ሊደርስ ይችላል። ጥሩ ካሜራ ሰማዩንም መሬቱንም በአንድ ጊዜ ያሳያል፤ ሲቀየርም በፍጥነት ይቀየራል። ካርቶኑ ላይ ሰፊ የብርሃን ልክ የሚል ምልክት ይኖረዋል፤ ነገር ግን ሁሉም አምራች ስለሚጽፈው ምልክቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ማየት ነው።

እዚህ ላይ ነጋዴን የሚመለከት አንድ ታሪክ አለ። ከአሥር ዓመት በፊት አብራሪዎች የሚመርጡት የሶኒ ሲሲዲ ሴንሰር ያለበትን 600 መስመር ካሜራ ነበር። ሲሲዲ ምስሉን በሙሉ በአንድ ጊዜ ስለሚይዝ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ምስሉ እንደ ጄሊ አይዋልልም፤ የብርሃን ለውጥንም በሚገባ ይቋቋማል። ሲሞስ የሚባለው ሴንሰር ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነብ መንቀጥቀጥ ይታይበታል፤ ያኔ ሲሞስ ካሜራ ይናቅ ነበር። ሶኒ በ2015 ሲሲዲ ማምረት እንደሚያቆም አሳወቀ። ከዚያ በኋላ እንደ ራንካም፣ ፎክሲርና ካዴክስ ያሉት አምራቾች ወደ ሲሞስ ዞሩና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብርሃን በመቋቋም ከሲሲዲ የሚስተካከሉ፣ በምሽት ደግሞ የሚበልጡ ካሜራዎች አወጡ። "ሲሲዲ ብቻ" ብሎ ክምችት የያዘ ዕቃው አረጀበት። ዕቃው አልተበላሸም፤ ጊዜው ነው ያለፈው። በዚህ ገበያ ሁለት ዓመት ረጅም ነው።

ዛሬ የምሽት ካሜራ የሚፈልግ ሰው የሚጠይቀው የሴንሰሩን ስፋት ነው። 1/3 ኢንች፣ 1/2 ኢንች፣ 1/1.8 ኢንች እየተባለ ይጻፋል፤ ከታች ያለው ቁጥር ሲያንስ ሴንሰሩ ይሰፋል፤ ሰፊው ብርሃን ይሰበስባል። ነጋዴ ወንድሞቼ በዚህ ሲምታቱ አይቻለሁ፤ 3 ከ2 ይበልጣል ብሎ ትንሹን በትልቁ ዋጋ መግዛት አለ። በተጨማሪ ለምሽት የሚሸጡት አንዳንዶቹ ለዓይን የማይታየውን ቀይ ጨረር የሚከለክለው ማጣሪያ ስለሌላቸው በቀን ሣሩን ሐምራዊ ያስመስሉታል። ደንበኛው ተበላሸ ብሎ ይመልሰዋል። አልተበላሸም፤ ዓይነቱ ነው፤ ሻጩ አስቀድሞ ካልነገረው ግን የሚከስረው ሻጩ ነው።

የታሰረ ዕቃ

አሁን ወደ ዋናው የገንዘብ ጥያቄ እንምጣ። አናሎግ ካሜራ ከማንኛውም አምራች የአናሎግ አስተላላፊ ጋር ይሠራል፤ ያ አስተላላፊ ከማንኛውም የ5.8 ጊጋ ኸርትዝ መቀበያ መነጽር ጋር ይሠራል። ኤሌክትሪክ፣ መሬትና ምስል ሦስት ሽቦ ይበየዳል፤ አለቀ። የራንካም ካሜራ የገዛ የሌላ ድርጅት አስተላላፊ ቢኖረው ግድ የለውም። በመሆኑም የአናሎግ ካሜራ ገዢው ብዙ ነው፤ ዋጋውም ከ20 እስከ 40 ዶላር ባለው ውስጥ ስለሚውል ገንዘብ ብዙ አያስርም።

ዲጂታል ግን ሌላ ነው። የዲጄአይ አስተላላፊና ካሜራ የሚታየው በዲጄአይ መነጽር ነው። የካዴክስ ዎክስኔል በዎክስኔል፣ ኤችዲ ዜሮም በኤችዲ ዜሮ። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም። እንግዲህ ዲጂታል ካሜራ የሚያመጣ ነጋዴ የሚሸጠው ያንን መነጽር አስቀድሞ ለገዛ ሰው ብቻ ነው። ባንድ ከተማ ውስጥ ያ መነጽር ስንት ሰው ጋ አለ? ይህን ሳያውቁ ትዕዛዝ መስጠት ቁልፍ የሌለው በር መግዛት ነው።

በዚሁ በአንድ አምራች ውስጥ እንኳ ዋስትና የለም። ዲጄአይ በ2019 ያወጣው የመጀመሪያው መነጽር በኅዳር 2022 ከወጣው ኦ3 ጋር አይሠራም፤ ሁለተኛው ትውልድ መነጽር ግን ይሠራል። ሁለቱ ከሩቅ ሲታዩ መልካቸው ይመሳሰላል። በ2020 ካዴክስ ከዲጄአይ ጋር የሚግባባ ቪስታ የተባለ አነስ ያለ አስተላላፊ አውጥቶ፣ የተለያዩ አምራቾችም ለእርሱ የሚሆን ካሜራ ሠርተው ነበር። ገበያው ተከፈተ ተባለ። ኦ3 ሲመጣ በሩ ተዘጋ፤ ካሜራና አስተላላፊ አንድ ላይ ከዲጄአይ ብቻ ሆነ፤ መሸጫውም ሲወጣ 229 ዶላር ነበር። ለቪስታ የሚሆን ካሜራ በጅምላ የያዘ ነጋዴ ከዚያ ወዲህ የሚጠብቀው የድሮ ድሮኑን የሚጠግን ደንበኛ ብቻ ነው።

ቁጥር እናስቀምጥ። አንድ ነጋዴ በ5 ሺህ ዶላር ገበያ ገባ እንበል። በ25 ዶላር ሒሳብ 200 አናሎግ ካሜራ ያነሳል፤ ወይም በ229 ዶላር 21 ዲጂታል። አናሎጉ በቀስታ ቢሄድም ሃያ ሲሸጥ 180 ይቀረዋል፤ ዋጋ ቢወርድ እንኳ ገዢ አያጣም። ከዲጂታሉ አዲሱ ሞዴል ከመውጣቱ በፊት ካልሸጠ፣ በአንዱ የሚያጣው የአሥር አናሎግ ትርፍ ነው። ይህን ስል ዲጂታል አትንኩ ማለቴ አይደለም። ፊልም ቀራጮችና ገንዘብ ያላቸው የመዝናኛ አብራሪዎች ወደ ዲጂታል ሄደዋል፤ ምስሉን አንዴ ያየ ወደ ኋላ መመለስ ይከብደዋል። ለዚህ ዓይነቱ ደንበኛ የሚያዋጣው ግን በትዕዛዝ፣ ቀብድ ተቀብሎ ማምጣት ነው። መደርደሪያ ላይ መደርደር ያለበት አናሎጉ ነው።

ከባትሪ እስከ ሌንስ

ዕቃ ተመላሽ የሚያደርጉት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ቮልት ነው። ብዙዎቹ አናሎግ ካሜራዎች ከ5 እስከ 36 ቮልት ይችላሉ፤ ከትንንሾቹ አንዳንዶቹ ግን 5 ቮልት ብቻ ነው የሚቀበሉት። ባለ አራት ሴል ባትሪ ሲሞላ 16.8፣ ባለ ስድስት ሴል 25.2 ቮልት ስለሚደርስ ካሜራውን በቀጥታ ባትሪ ላይ የበየደ ደንበኛ ባንዴ ያቃጥለዋል። ቀጥሎ ለሻጭ "ዋስትና አለው ብለኸኝ ነበር" ይላል።

መጠኑ በወርዱ ይጠራል፦ ማይክሮ 19 ሚሊ ሜትር፣ ናኖ 14 ሚሊ ሜትር። ድሮኑ ላይ ያለው ቦታ ለአንደኛው ከተሠራ ሌላው አይገባም። የትኛው ይሻላል የሚል ካለ ማይክሮውን እላለሁ፤ ሴንሰሩ ሰፋ ይላል፣ መደበኛው ባለ አምስት ኢንች ድሮንም ይቀበለዋል። ናኖው ጥቂት ግራም ብቻ ስለሆነ ቤት ውስጥ ለሚበሩት ለትንንሾቹ ይሆናል።

ሌንሱ ላይ 2.1 ወይም 2.8 ሚሊ ሜትር የሚል ይጻፋል። ያነሰው ቁጥር ሰፋ አድርጎ ያሳያል፤ ሲሰፋ ግን ሩቅ ያለው ነገር ያንሳል። ሌንሱ ፊት ለፊት ተጋልጦ ስለሚቀመጥ ድሮኑ ሲወድቅ በቅድሚያ የሚሰበረው እርሱ ነው፤ ካሜራው ግን ደህና ይሆናል። መለዋወጫ ሌንስ ይዞ የማይመጣ ነጋዴ ደንበኛውን በአንድ ጊዜ ሽያጭ ይሸኘዋል። ክሩ ኤም 12 ወይም ኤም 8 መሆኑን ማየት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። በተጨማሪ ምስሉ 4 ለ3 ነው ወይስ 16 ለ9? መነጽሩ ሌላ ከሆነ ሰው ሁሉ ቀጥኖ ወይም ተጨፍልቆ ይታያል። አዳዲሶቹ ካሜራዎች በምርጫ ሁለቱንም ያወጣሉ።

እዚያው ቆሞ መፈተን

ሻጩ ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ካሜራውን ከትንሽ ስክሪን ጋር እንዲያገናኝ ይጠየቅ። ይህን እምቢ የሚል ሱቅ ካለ ቀጥሎ ያለው አይልም። ካሜራውን ወደ አምፖል፣ ወዲያው ደግሞ ጠረጴዛ ሥር ወዳለው ጨለማ ማዞርና ለመስተካከል ስንት ጊዜ እንደፈጀ ማየት ነው። ጠርዙን በጣት ቢያንቀጠቅጡትም ምስሉ ምን ያህል እንደሚዋልል ይታያል።

መዘግየቱን ለመለካት ሁለት ስልክ ይበቃል። አንዱ ስልክ ላይ የሩጫ ሰዓት ይከፈትና ካሜራው ፊት ይቀመጣል፤ ሰዓቱና ስክሪኑ ጎን ለጎን ሆነው በሁለተኛው ስልክ አንድ ላይ ፎቶ ይነሳሉ። ሁለቱ ላይ የሚነበበው ልዩነት መዘግየቱ ነው። የስልክና የስክሪን ምስል በራሱ ጊዜ ስለሚታደስ አንድ ፎቶ ያሳስታል፤ አሥር ጊዜ አንስቶ መካከለኛውን መውሰድ ይገባል። ከሻጩ ፊት ይህን የሚያደርግ ገዢ ዋጋም ይወርድለታል፤ ያወቀ ሰው መጣ ይባላልና።

የመንግሥታት እጅ

በጦርነቱ ምክንያት ቻይና ከመስከረም 1 ቀን 2023 (እ.ኤ.አ.) አንስቶ አንዳንድ ድሮኖችና ክፍሎቻቸው ያለ ፈቃድ እንዳይወጡ ከልክላለች። ዝርዝሩ ውስጥ በሙቀት የሚያይ ካሜራ፣ የተወሰነ ደረጃ ያለው፣ ይገኝበታል። ተራው የቀን ካሜራ ከዚህ ጋር አይደባለቅም፤ ሆኖም በአንድ ካርቶን ውስጥ ሁለቱን አደባልቆ የሚልክ ወኪል ዕቃውን በሙሉ ሊያስይዝ ይችላል። ህንድ ደግሞ በየካቲት 2022 የተገጣጠመ ድሮን ከውጭ እንዳይገባ ስታግድ ለክፍሎቹ ግን በሩን ክፍት ተወች፤ የካሜራና የሞተር ንግድ ከሙሉ ድሮን ንግድ የተለየ መንገድ እንዳለው ያሳየ ውሳኔ ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ ድሮን ለማስገባት አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ጉዳዩ የሚመለከተው መሥሪያ ቤትም የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ነው። ፈቃድ ሳይኖር በሻንጣ የመጣ ድሮን አየር ማረፊያ ላይ እንደሚያዝ ከዱባይና ከአሜሪካ የሚመላለሱ ወገኖቻችን ያውቁታል። ካሜራው ለብቻው ሲታይ የሱቅ መጠበቂያ ካሜራ ይመስላል፤ ከአስተላላፊው፣ ከሞተሩና ከፕሮፔለሩ ጋር ባንድ ሻንጣ ሲገኝ ግን የጉምሩክ ሠራተኛው የሚያየው ድሮን ነው። ለደንበኛ ቃል ከመግባትና ለአቅራቢ ቀብድ ከመላክ በፊት የዕቃውን ዝርዝር ይዞ መጠየቅ የሚፈጀው ጥቂት ቀናት ነው፤ የተያዘ ዕቃ ለማስለቀቅ ግን ወራት ያልፋሉ፤ በዚያ መካከል አዲሱ ሞዴል ይወጣል።